የአሻራ ዱቄትና የሠራተኛው ሳንባ

ጓዶች! በዚህ እትም የጥናት ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። በብሩሽና በዱቄት የጣት አሻራ እያወጣ የሚውል ሠራተኛ በየትኛውም አገር ቁጥሩ ብዙ አይደለም፤ በአገራችንማ ከዚያም ያነሰ ነው። ጉዳዩን ለጥናት የመረጥነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፣ ከመካከላችን ኬሚስትሪ፣ ሕክምናና ሕግ የምናጠና ወደ አገር ስንመለስ አንዳንዶቻችን በፖሊስ ቤተ ሙከራ፣ በሆስፒታል ሬሳ ክፍል ወይም በፍርድ ቤት ከዚህ ሥራ ጋር መገናኘታችን የማይቀር ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ከኤደን ጠረፍ ጋር የተያያዘና ልብ የሚያደማ ነው።

በሰኔ ወር 2024 ከሶማሊያ ተነስታ 260 ያህል ስደተኞችን ይዛ ወደ የመን የምትጓዝ ጀልባ ከኤደን በስተምሥራቅ ሰጥማ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞቱ፤ ከተሳፋሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ወገኖቻችን ነበሩ። በነሐሴ 2025 ደግሞ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ሌሎች ስደተኞች በአቢየን ጠረፍ ላይ አለቁ። ባሕሩ አስከሬን ሲተፋ ወረቀት አብሮ አይተፋም። የሟቹን ማንነት ለማወቅ ከሚቀሩት ጥቂት መንገዶች አንዱ ጣቱ ነው። ጣቱ ታጥቦ ይደርቃል፤ ጥቁር ዱቄት በብሩሽ ይቀባል፤ በላዩ ሙጫ ያለው ነጭ ወረቀት ተለጥፎ ሲነሳ መስመሮቹ ወረቀቱ ላይ ይቀራሉ። የውሃ ብዛት ቆዳውን ካጨማደደው በመርፌ ፈሳሽ ተሰጥቶት እንዲሞላ ይደረጋል። እናቱ ቁርጧን አውቃ ለቅሶ እንድትቀመጥ የሚያደርጋት እንግዲህ ይህ ሥራ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ግን ምን እየተነፈሰ ነው የሚሠራው? የጥናታችን ጥያቄ ይኸው ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን አዋጆች ስንጠቅስ ብቻ በራሳችን አቆጣጠር እንጠቀማለን።)

የአሻራ ሥራ አመጣጥ

ብዙዎቻችን የጣት አሻራ ጥበብ ከለንደን የመነጨ አድርገን ነው የተማርነው። እውነቱ ከዚህ ይለያል። እንግሊዛዊው ሹም ዊልያም ኸርሸል በ1858 በቤንጋል የአንድን ሥራ ተቋራጭ የእጅ አሻራ በውል ወረቀት ላይ አስቀመጠ፤ ዓላማው ተገዥው ሕዝብ ፊርማውን እንዳይክድ ማስፈራራት ነበር። በ1897 በካልካታ የተቋቋመው የአሻራ ቢሮ የሠራበትን የአከፋፈል ስልት በሒሳብ ያወጡት አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦስ የተባሉ ሁለት ሕንዳውያን ሠራተኞች ሲሆኑ ስልቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በአለቃቸው በኤድዋርድ ሄንሪ ስም ነው። ስኮትላንድ ያርድ ያንኑ ስልት ተቀብሎ ቢሮ ያቋቋመው በ1901 ነበር። ኤደንም ከ1839 ጀምሮ በእንግሊዝ የተያዘችና እስከ 1937 ድረስ በሕንድ በኩል የምትተዳደር ወደብ ስለነበረች ለዚህ ጥበብ መነሻ ሩቅ አልነበረችም። ይህን ያነሳነው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ሰው ስም ከመዝገብ ሲወጣ ጤንነቱም አብሮ ይረሳል፤ ቀጥለን የምናየው ይህንኑ ነው።

ዱቄቱ ምን ይሠራል?

ጣታችን አንድን ዕቃ ሲነካ ውሃ፣ ጨው፣ ጥቂት አሚኖ አሲድና ከፊታችን ወይም ከፀጉራችን የወሰደውን ቅባት ይተዋል። ይህ በዓይን አይታይም። በጣም ደቃቅ ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ሲቀባበት ዱቄቱ በእርጥበቱና በቅባቱ ላይ ይጣበቅና መስመሮቹ ይወጣሉ። ከዚያ ፎቶግራፍ ይነሳል ወይም በተጣባቂ ፕላስቲክ ይወሰዳል። እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ልብ ይሏል፤ ዱቄቱ ደቃቅ በሆነ መጠን አሻራው ይጠራል፤ ደቃቅ በሆነ መጠን ግን አየር ላይ ይቆያል፤ ወደ ሳንባም ጠልቆ ይገባል። ለሥራው የሚመረጠው ጠባይና ሠራተኛውን የሚጎዳው ጠባይ አንድና ያው ናቸው።

በጥቅም ላይ ያሉት ዱቄቶች ብዙ ዓይነት ናቸው። ጥቁሩ በአብዛኛው ጥላሸት ወይም ግራፋይት ነው። ነጩ ብዙ ጊዜ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አለበት። ብርማው አሉሚኒየም ነው፤ ወርቃማው ስሙ እንጂ ወርቅ የለበትም፤ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። በ1961 ኸርበርት ማክዶኔል የተባለ አሜሪካዊ ማግኔት ያለበት ብሩሽ ካስተዋወቀ ወዲህ የብረት ዱቄት ያለበት ማግኔታዊ ዱቄት ተስፋፋ። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ጥላሸትንና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ተራ መድቧቸዋል፤ ይህ ፍርድ የተነሳው ዋናው ማስረጃ በሙከራ እንስሳት ላይ የተገኘ መሆኑን ግን ማወቅ ይገባል። ስለዚህ ማንም ሰው ጥቁር ዱቄት በነካ ቁጥር መርዝ ነክቷል ብለን አንሰብክም። ይልቅስ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ዓመታት የሚሠራ ሰው በሕይወቱ ዕጣ እየተጣለበት ነው እንላለን።

የላንካሻየር ፖሊሶች

ለዚህ አባባላችን ማስረጃ የሚሆነን የታወቀ ታሪክ አለ። በእንግሊዝ አገር የአሻራ ፖሊሶች ለብዙ ዘመን የሚሠሩበት ግራጫ ዱቄት ከጠመኔና ከባዜቃ (ከሜርኩሪ) የተፈጨ ነበር። ሲሶው ባዜቃ ነው። ይህ ዱቄት የፖሊስ መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ በመድኃኒት ቤት ለሆድ ድርቀትና ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ሳይቀር ይሸጥ ነበር፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረውም። ሕፃናቱን ክፉኛ እንደሚጎዳ የታወቀውና ከጥርስ ዱቄት ውስጥ እንዲወጣ የተደረገው በ1950ዎቹ ነው።

በ1949 አጌትና በኬል የተባሉ ተመራማሪዎች በላንካሻየር የአሻራ ፖሊሶችን መርምረው ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ከፖሊሶቹ አንዳንዶቹ በሜርኩሪ ተመርዘው ተገኙ። ዋናው ምልክት የእጅ መንቀጥቀጥ ነበር። አስቡት፤ እጁ የጸና እንዲሆን ተመርጦ ለዚህ ሥራ የተመደበ ሰው በሥራው ምክንያት እጁ ይንቀጠቀጣል። ባዜቃ በክፍል ሙቀት ራሱ ስለሚተን ሠራተኛው ብናኙን ብቻ ሳይሆን ትነቱንም ይተነፍሳል፤ ብሩሹ ደግሞ ከፊቱ በስንዝር ርቀት ነው። ዱቄቱ ሜዳ ላይ ሲሠራበት ብቻ ሳይሆን በልብስ፣ በምንጣፍና በጠረጴዛ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥም መትነኑን አያቆምም። እንደ ኤደን ባለ ሞቃት አገር ትነቱ በእጅጉ እንደሚጨምር ለኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን መንገር አያሻም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ዋናው ነገር ባዜቃ መርዝ መሆኑን አይደለም፤ ያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። የባርኔጣ ሠሪዎችና የመስተዋት ሠሪዎች መንቀጥቀጥ በመጻሕፍት ተጽፎ ነበር። ዕውቀቱ ነበረ፤ ወደ አሻራ ፖሊሱ ግን አልደረሰም። ሐኪሙ ስለ ፖሊስ ሥራ አያውቅም፤ ፖሊሱ ስለ ዱቄቱ አያውቅም፤ ዱቄቱን የሚገዛው ክፍል ዋጋውን ብቻ ያውቃል።

ከባዜቃው ሌላ እርሳስ (ጥይት የሚሠራበት ማዕድን ማለታችን ነው) ያለባቸው ነጭና ቀለማም ዱቄቶችም ነበሩ። እርሳስ በሳንባም በአፍም ይገባል፤ በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይከማቻል፤ ደም ያሳንሳል፤ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ በነፍሰ ጡር ሴት በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። በ1990 የካናዳ ተመራማሪዎች ፖሊሶች የሚጠቀሙባቸውን ዱቄቶች ንጥረ ነገር መርምረው አሳትመዋል። የዱቄት ስም ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ይዘቱ አይናገርም። ዛሬ የታወቁት ፋብሪካዎች እርሳስና ባዜቃ ከዱቄታቸው አውጥተዋል፤ ሆኖም በድሃ አገር የመንግሥት መጋዘን ውስጥ የሠላሳና የአርባ ዓመት ዕቃ ተቀምጦ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ጽሑፉ የተፋቀ አሮጌ ጠርሙስ ያገኘ ሰው ከፍቶ አያሽትት፤ አይሞክርበት፤ ዘግቶ ለብቻው ያስቀምጥና ለኃላፊው በጽሑፍ ያሳውቅ።

አሉሚኒየም፦ መድኃኒት የተባለው ብናኝ

አሁን በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ለለስላሳ ገጽታ፣ ማለትም ለመስተዋትና ለተወለወለ ዕቃ፣ ከሁሉ የተመረጠው በመስተዋት ክር ብሩሽ የሚቀባ የአሉሚኒየም ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት እንደ ጤፍ ክብ አይደለም፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ ነው። ስፋቱ በማይክሮን (በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) የሚቆጠር ሲሆን ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው። እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ስቴሪክ አሲድ የተባለ የስብ አሲድ ይለበጣል። ቅርፊቱ ጠፍጣፋና ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በስፋቱ ብቻ ከሚገመተው በላይ ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል።

ሳንባን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? በዚህ ላይ ያለው ታሪክ አስተማሪ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በጀርመን የአሉሚኒየም ዱቄት ፋብሪካዎች ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ሳንባቸው ጠባሳ እያበጀ ትንፋሽ አጠራቸው፤ በሽታው አሉሚኖሲስ ተባለ። በሌላ በኩል በዚያው ዘመን በካናዳ ኦንታሪዮ ተቃራኒው ሆነ። የወርቅና የዩራኒየም ማዕድን ባለቤቶች የአሉሚኒየም ብናኝ ሠራተኛውን ከድንጋይ አቧራ በሽታ (ከሲሊኮሲስ) ያድነዋል የሚል ሐሳብ አንስተው ከ1943 ጀምሮ ሠራተኞቹ ወደ ጉድጓድ ከመውረዳቸው በፊት ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል በር እየተዘጋ ማክንታየር ዱቄት የተባለውን ጥቁር ብናኝ በግድ እንዲተነፍሱ አደረጉ። ይህ እስከ 1979 ዘለቀ! ድንጋዩን እየረጩ አቧራውን ማጥፋትና አየር ማስገባት ወጪ አለው፤ ዱቄቱን መንፋት ግን ርካሽ ነበር። ሠራተኛው ለምን ብሎ ቢጠይቅ ለጤናህ ነው ይባላል።

ውጤቱ ከስንት ዓመት በኋላ ታወቀ? በ2020 በኦንታሪዮ የተደረገ ጥናት ዱቄቱን የተነፈሱት የማዕድን ሠራተኞች በፓርኪንሰን በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳየ። በ2022 የኦንታሪዮ መንግሥት በሽታውን ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተቀብሎ በምክር ቤት ይቅርታ ጠየቀ። ጥያቄውን አንስተው እዚህ ያደረሱት በዋነኛነት የሟች ሠራተኞች ልጆችና ባልቴቶች፣ የሠራተኛ ማኅበራትም ናቸው።

እዚህ ላይ ልናጋንን አንፈልግም። የማዕድን ሠራተኛው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆን ተብሎ የተነፋበትን ያህል የአሻራ ሠራተኛው አይተነፍስም። የሥራው ጊዜም የተቆራረጠ ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ታሪኮች የምንወስደው ቁም ነገር አለ፤ ብናኙ ጉዳት የለውም የሚል ቃል ስንሰማ ማን ነው ያለው፣ በስንት ዓመት ምርመራ ነው ያለው ብለን እንጠይቃለን።

አንድ ግራም ስንት ነው?

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የእንግሊዝ ደንብ ለአሉሚኒየም ብናኝ በስምንት ሰዓት ሥራ አማካይ የሚፈቅደው በአንድ ሜትር ኩብ አየር 10 ሚሊ ግራም፣ ወደ ሳንባ ጠልቆ ለሚገባው ደቃቅ ክፍል ደግሞ 4 ሚሊ ግራም ነው። አንድ የኤደን መኖሪያ ክፍል 3 በ4 ሜትር ወለልና 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ቢኖረው አየሩ 30 ሜትር ኩብ ነው። በዚህ ክፍል 10 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ ለመሙላት የሚያስፈልገው 300 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አንድ ግራም ዱቄት በሙሉ አየር ላይ ቢበተን 33 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከገደቡ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በእርግጥ የሚበተነው ሁሉም አይደለም፤ አብዛኛው ዕቃው ላይና ወለል ላይ ይቀራል፤ ሥራውም ስምንት ሰዓት አይፈጅም። በሌላ በኩል የሠራተኛው አፍንጫ ያለው በክፍሉ መካከል ሳይሆን ደመናው በሚነሳበት በብሩሹ አጠገብ ነው። እርሳስ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የአሜሪካ ደንብ ለእርሳስ የሚፈቅደው በሜትር ኩብ 0.05 ሚሊ ግራም ስለሆነ ያንን 30 ሜትር ኩብ ክፍል ገደቡ ላይ ለማድረስ 1.5 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ በዓይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግር መጠን ነው።

ስለ ፍንዳታስ? የአሉሚኒየም ዱቄት እንደሚፈነዳ ብዙዎች ሰምተዋል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ለመፈንዳት በሜትር ኩብ ቢያንስ 30 ግራም አካባቢ አየር ላይ መንሳፈፍ አለበት፤ በዚያው ክፍል ወደ 900 ግራም ማለት ነው። ብሩሽ ይዞ መስኮት የሚቀባ ሠራተኛ ክፍሉን አያፈነዳም። አደጋው ያለው ዱቄቱ በብዛት በሚቀመጥበት፣ ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ በሚገለበጥበትና በተራ የኤሌክትሪክ ጠራጊ በሚሰበሰብበት ቦታ ነው፤ የጠራጊው ሞተር ብልጭታ አለው፤ ከረጢቱም ደመናውን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በነሐሴ 2014 በቻይና ኩንሻን ከተማ የመኪና ጎማ ቸርኬ በሚወለውል ፋብሪካ የአሉሚኒየም ብናኝ ፈንድቶ በዕለቱ 75 ሰዎች፣ በኋላም ከቁስላቸው የሞቱት ተጨምረው 146 ሠራተኞች አለቁ። የመንግሥቱ ምርመራ ያገኘው መነሻ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው፤ በመሰብሰቢያው በርሜል ውስጥ የነበረው ብናኝ እርጥበት ገብቶበት ከውሃው ጋር እየተዋሐደ ራሱን አግሎ ነበር። አሉሚኒየም ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ሃይድሮጅን ያወጣል። ስለዚህ የረጠበ የዱቄት ቆሻሻ ጥብቅ ክዳን ባለው ጠርሙስ ማከማቸት አይገባም። ከተቀጣጠለም ውሃ አይደፋበትም፤ ደረቅ አሸዋ በቀስታ ይለበሳል። በኃይል መድፋት ዱቄቱን ያስነሳዋል።

ኤደን ላይ ሲሆን

የውጭ አገር መመሪያዎች አየር የሚስብ ጠረጴዛ፣ አየር የሚያጣራ ቁም ሳጥን፣ ልዩ ጠራጊ ይዘረዝራሉ። ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም በመብራት ይሠራሉ፤ ኤደን ደግሞ ባለፉት ዓመታት በበጋው ወራት መብራት ለረጅም ሰዓታት የሚጠፋባት ከተማ ሆናለች። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ የባሕሩ እርጥበት ሲጨመርበት፣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማራገቢያ መክፈት ነው። የጣሪያ ማራገቢያ በርቶ ዱቄት መቀባት ክፍሉን በሙሉ በዱቄት መቀባት ነው። ስለዚህ ማራገቢያው ይጠፋል፤ መስኮትና በር ይከፈታል፤ ሠራተኛው ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ይቆማል፤ ሥራው በአጭር ጊዜ እየተቆረጠ ወጥቶ ውሃ ይጠጣል። ቀኑ ካላስገደደ ማለዳ መሥራት ይሻላል። እርጥበቱ ዱቄቱን ስለሚያጓጉለው በትንንሽ ዕቃ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህም ለማከማቻ አደጋው ሁለተኛ መፍትሔ ይሆናል።

ከዚህ የሚቀጥለው ጉዳይ አፍ ነው። በእኛም ሆነ በየመኖች ዘንድ ምግብ በእጅ ይበላል፤ እኛማ እንጎራረሳለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጫት አለ። ጫት የሚቅም ሰው ለአራትና ለአምስት ሰዓታት ጣቱን ከቅጠሉ ወደ አፉ ያመላልሳል፤ ጣቱ ላይ ያለው ዱቄት በሙሉ ወደ ጉንጩ ይሄዳል። በዚህ ጉዳይ ላይ ሥነ ምግባር ልንሰብክ አልተነሳንም፤ በሳሙና መታጠብ፣ ጥፍር ማሳጠር፣ የሥራ ልብስ አውልቆ መውጣት ግን ግዴታ ነው እንላለን። ልብሱ ቤት ሄዶ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ዱቄት በተቀመጠበት ክፍል ደግሞ ሲጋራ፣ ቡኹርና የቡና ከሰል አይግቡ።

አንድ የሚረሳ ሰው አለ። ፖሊስ ሌባ የገባበትን ቤት ቀብቶ ሲሄድ ዱቄቱን ይዞት አይሄድም። ማን ነው የሚጠርገው? በአብዛኛው የዓረብ አገር ቤቶች የቤት ሠራተኛዋ ነች፤ እሷም ብዙ ጊዜ የእኛው እህት ነች። በመጥረጊያ ስትጠርገው ታስነሳዋለች፤ ምንጣፉን ስታራግፈው ትተነፍሰዋለች። ማንም የነገራት የለም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ያላችሁ ከቤቱ ከመውጣታችሁ በፊት ለምታጸዳው ሰው በምትሰማው ቋንቋ ንገሯት፤ በደረቁ አትጥረጊው፤ ሳሙና ባለው እርጥብ ጨርቅ ከዳር ወደ መካከል እየሰበሰብሽ አንሺው፤ ጨርቁን ጣይው፤ ሕፃናቱን ከክፍሉ አርቂ።

ጭምብሉ የመጨረሻው ነው

በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ደኅንነት ሲነሳ አለቆች ቶሎ የሚያስቡት ጭምብል ነው። ርካሽ ነውና፤ ከዚያም በላይ ኃላፊነቱን ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ሠራተኛው ፊት ያዛውራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ዱቄቱ ጨርሶ ያስፈልጋል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ብዙ አሻራ ከጎን በሚበራ ባትሪ ታይቶ ያለ አንዳች ዱቄት ፎቶግራፍ ሊነሳ ይችላል። ወረቀት ከሆነ ዱቄት አይፈልግም፤ ከ1954 ወዲህ ኒንሃይድሪን የተባለው ኬሚካል አለ (እሱም የራሱ ጣጣ ያለው ቢሆንም)። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ከሆነ ከጠባብ ክፍል ይልቅ አየር ወደሚስብ ቁም ሳጥን ይወሰዳል። ቀጥሎ የዱቄቱ ዓይነት ነው። ማግኔታዊው ዱቄት በብሩሹ ማግኔት ተይዞ ስለሚቆይና ትርፉ ወደ ጠርሙሱ ስለሚመለስ አየር ላይ የሚበተነው ያንሳል፤ ብረት ላይ ግን አይሠራም። ከዚያ የእጅ ስልት ይመጣል። ዱቄቱ በትንሹ ክዳን ላይ ይፈሳል እንጂ ብሩሽ ጠርሙስ ውስጥ አይነከርም፤ ትርፉ እዚያው ክዳኑ ላይ ይራገፋል እንጂ በአየር ላይ አይሽከረከርም፤ በአፍ እፍ ማለት ፈጽሞ ክልክል ነው። የአሉሚኒየሙና የብረት ኦክሳይዱ ትርፍ በአንድ ዕቃ አይደባለቅ፤ ሁለቱ ሲቀጣጠሉ የሚወጣው ሙቀት ብረት ያቀልጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጭምብል ይደረጋል። የቀዶ ሕክምና ጭምብል ከጎኑ ስለሚያስገባ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አፍንጫ ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ወይም ሽማግም እንደዚሁ። ኤን 95 ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 3 የሚባሉት ከፊት ጋር ገጥመው የሚቀመጡት ናቸው የሚያስፈልጉት። ጢም ካለ አይገጥሙም። በኤደን ሙቀት ላብ ቶሎ ስለሚያርሳቸው አንዱን ጭምብል ሳምንት ማድረግ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የጭምብል በጀት ሲጠየቅ በሠራተኛ ቁጥር ሳይሆን በሥራ ሰዓት ይቆጠር። የመስተዋት ክር ብሩሽ እያረጀ ሲሄድ ክሩ ተሰብሮ ቆዳና ዓይን ስለሚወጋ መነጽርና ጓንትም ያሻል።

ሕጉ የት ያቆመዋል?

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከሥራ ጉዳት እንዲጠብቅ፣ መከላከያ ዕቃና ሥልጠና እንዲሰጥ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያለውን እንዲያስመረምር በአንቀጽ 92 ያስገድዳል። ግን የአሻራ ሠራተኛው በአብዛኛው ፖሊስ ነው፤ ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 3 የፖሊስ አባላትን ከሽፋኑ ያወጣል። የማዕድን ዱቄት ነጋዴው ዘበኛ የሚጠበቅበትን ሕግ የማዕድን ዱቄት የሚተነፍሰው ፖሊስ አያገኝም ማለት ነው። ሆኖም ባዶ እጁን አልቀረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 የመንግሥት አገልግሎትንም የሚመለከት ሲሆን፣ ድርጅቱ በ2022 የሥራ ላይ ደኅንነትን ከመሠረታዊ መብቶች አንዱ አድርጎታል። ይህን በተግባር ማዋል የፖሊስ ደንብ ሲረቀቅ የሕግ ተማሪዎቻችን ሥራ ይሆናል። ቢያንስ ሁለት ነገር በደንቡ ይግባ፦ ሠራተኛው ሲመደብ የትንፋሽ አቅሙና የደሙ እርሳስ ተለክቶ በመዝገብ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ይደገም። የመጀመሪያው ልክ ከሌለ የሃያ ዓመቱ ጉዳት ከየት እንደመጣ ማስረዳት አይቻልም።

ለጊዜው ግን ከዚህ ሆነን ልንሠራው የምንችል አንድ ሥራ አለ። እያንዳንዱ የዱቄት ፋብሪካ የደኅንነት መረጃ ወረቀት ማቅረብ ይኖርበታል፤ ወረቀቱ 16 ክፍሎች አሉት፤ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሠራተኛው እጅም አይገባም። ከመካከላችን ኬሚስትሪ የሚያጠኑ ጓዶች ከታወቁት ዱቄቶች ወረቀት አራቱን ክፍሎች ወደ አማርኛ እንዲመልሱ የጥናት ክበባችን ወስኗል፤ አደጋውን የሚዘረዝረውን 2ኛውን፣ ይዘቱን በመቶኛ የሚሰጠውን 3ኛውን፣ የመጀመሪያ እርዳታውን 4ኛውን፣ የአየር ገደቡንና የመከላከያውን 8ኛውን። ትርጉሙ በአንድ ገጽ ሆኖ በጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ የሚለጠፍ መሆን አለበት። በሥራው ላይ ያላችሁ ወገኖች የምትጠቀሙበትን ዱቄት ስምና የፋብሪካውን ስም ብቻ ጽፋችሁ ላኩልን፤ የመሥሪያ ቤታችሁን ስም መጻፍ አያስፈልግም።